ሰማንያ አንድ ተኩል

የምስክርነት ቃል
(ቀደም ሲል የተሰጠ ቃልን ለማረም በድጋሚ የተሰጠ)

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወለተጻድቅ ጥሩሰው
ዕድሜ፦ 37
ሥራ፦ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ የሚዛን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ኮልፌ፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ የቤት ቁጥር 318
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ሚያዝያ 10 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20
ጉዳዩ፦ የቦክሰኛ ኃይለመስቀል በዛብህ አሟሟት
ተጠርጣሪ፦ ቦክሰኛ ጉታ ደሜ፣ ዕድሜ 24፣ በእስር ላይ የሚገኝ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ፈጠነ ገብረአምላክ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ የካቲት 20 ቀን 1977 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ በሰጠሁት ቃል፣ ጉታ ደሜ ጓንቱን ከማድረጉ በፊት ከፋሻው ሥር ነጭና ጠንካራ ነገር ሲያስገባ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ነበር። አላየሁም። ያየሁት ፋሻ ብቻ ነው። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ሲሆን፣ ያንን ቃል ለማንሳትና በቦታው እውነቱን ለማስመዝገብ ነው።

ሃምሳ አለቃው ስለ ጓንቱ ብቻ እንድናገር አሳስበውኛል። ስለ ጓንቱ የምለው አላየሁም የሚለውን ብቻ ነው፣ አለቀ። ለምን አይቻለሁ እንዳልኩ ለማስረዳት ግን ከሚዛኑ መጀመር አለብኝ። ሃምሳ አለቃውም አሳጥሪው ብለው ፈቅደውልኛል። ከዚህ በታች ሟች እየተባለ የሚጻፈው ባለቤቴ ነው። ቃሉ የሃምሳ አለቃው እንጂ የእኔ አይደለም፤ እኔ እስካሁን ስሙን ነው የምጠራው።

ሚዛን ላይ ሥራ የጀመርኩት በ1958 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጦር ኃይሎች አጠገብ የእህል መጋዘን በነበራቸው አንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። መጋዘኑ ሲወረስ እኔና ሚዛኑ አብረን ተወረስን፤ ሚዛኑ ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሲጫን እኔም ተከትዬው መጣሁ። ከታች ሰፊ ብረት ያለው፣ በላይ በክንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበት የሚንሸራተት ብረት ያለው፣ ሁለት ኩንታል የሚችል ትልቅ ሚዛን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከማንም ሰው ሩብ ኪሎ አጉድዬ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ለዘመዳቸው ትንሽ ላላ አድርጌ እንድመዝን ቢጠይቁኝ፣ ሚዛኑ ጆሮ ስለሌለው የሚሉትን አይሰማም ብዬ መልሼላቸዋለሁ። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ ባሏን እንኳ አትምርም ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም፣ እኮራበት ነበር።

ሟችን የተዋወቅሁት በ1961 ዓ.ም. እዚሁ ሚዛን ላይ ነው። ከጎጃም የመጣ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ዕድሜው ሃያ፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል። አንድ ቀን ኩንታል ተሸክሞ መጣና ሳያወርደው ሚዛኑ ላይ ወጣ። አንድ መቶ ዘጠና ስምንት አነበብኩ። ኩንታሉን ቀንሼ፣ አንተ ዘጠና ስምንት ኪሎ ነህ አልኩት። በሕይወቱ ማንም መዝኖት አያውቅም ነበር። ሽልማት የተሰጠው ይመስል ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ስምንት እያለ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ዛሬስ አለኝ። እስክንጋባ ድረስ በየሳምንቱ እየመጣ ይመዘን ነበር። የሚፈልገው መመዘን አለመሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እኔ ቁጥሩን ነበር የማየው።

ቦክስ የጀመረው በ1962 ዓ.ም. ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ በነበረ አንድ አዳራሽ ሰው በትኬት ይገባ ነበር፤ ያሸነፈም ይከፈለው ነበር። በዓመቱ ሸክሙን ትቶ በቡጢ ብቻ ማደር ጀመረ። ስሙ ኩንታል ሆነ። አስመራ ድረስ ተወስዶ ከአንድ ጣሊያናዊ የጋራዥ ባለቤት ጋር ተጋጥሞ በአራተኛው ዙር ዘርሮታል። ድሬዳዋ ሄዶ ተሸንፏል። ስለ ሽንፈቱ ሲጠየቅ አይዋሽም ነበር፤ ልክ አድርጎ መታኝ ነው የሚለው። በ1964 ዓ.ም. ተጋባን፤ ልጅ አልወለድንም።

ችግሩ የአገራችን ሰው ቀጭን መሆኑ ነው። ከባድ ሚዛን ማለት ከሰማንያ አንድ ኪሎ በላይ ነው። ያን ያህል የሚመዝን፣ ሮጦ የማይደክመው፣ ቡጢ የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? ሟች በሕይወቱ ሃያ ሦስት ጊዜ አሸንፏል ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱ ተጋጣሚ ጠፍቶ የተሰጠው ነው። ጓንት አጥልቆ፣ ፊቱን ቫዝሊን ተቀብቶ ሪንግ ላይ ይወጣል። ዳኛው ወደ ባዶው ማዕዘን አይቶ ሦስት ጊዜ ይጣራል፣ ከዚያ የእሱን እጅ ያነሳል። ጥቂት ሰው ያጨበጭባል፣ ሌላው ይስቃል። ቤት ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬም ብቻዬን አሸነፍኩ" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ አብረን እንስቅ ነበር። በኋላ እሱ ሲለው እኔ ሌላ ነገር አነሳለሁ።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ለገንዘብ መጋጠም ቀረ። ሟችም በአንድ ፋብሪካ በዘበኝነት ተመዘገበ። በር ጠብቆ አያውቅም፤ በወረቀት ዘበኛ፣ በሥራ የክለቡ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበር። የምንኖርበትን ቤት የሰጠን ፋብሪካው ነው። ዘይትና ዱቄት በስፖርተኛ ስም ይሰጠዋል። ከሰማንያ አንድ ኪሎ ከወረደ ግን፣ በታችኛው ሚዛን ሌላ ልጅ ስላላቸው ከክለቡ ይሰናበታል፤ ከክለቡ ከተሰናበተ ደግሞ ዘበኛም አይደለም፣ ቤቱም ይለቀቃል። ይህንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት ሟች ውሃ መጠጣት አበዛ። በቀን አንድ ጀሪካን ይጨርሳል፣ ሌሊቱን ደጅ ሲመላለስ ያድራል። ሱሪው ከወገቡ ይወርድ ጀመር፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፣ ከዚያም ሌላ ቀዳዳ። ኅዳር ውስጥ የሚያውቀው ሰው ወደሌለበት ሰፈር ሄዶ ታየ። ስኳር አለብህ፣ በየቀኑ መርፌ ያስፈልግሃል አሉት። ወረቀቱን ለእኔ ሰጥቶ ማንም እንዳያይብኝ አለ። መርፌውን ለሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ መድኃኒቱ አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በክለቡ ክሊኒክ ቢጠይቅ እዚያው ያገኘው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን መታመሙ ይታወቃል። ስለዚህ ተወው። እኔም ሲተወው አልከለከልኩትም።

ጉታ ደሜ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በሳንሱሲ በኩል የሚኖር፣ ግንድ የሚጭን ልጅ ነው። ሌላ ክለብ አግኝቶት ከባድ ሚዛን ብሎ አስመዘገበው። ሟች ይህን ሲሰማ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ "ወለቴ፣ ሰው ተገኘ" አለኝ። ከሦስት ዓመት በላይ ከማንም ጋር አልተጋጠመም ነበር። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ስለ ልጁ ቁመትና ስለ ቀኝ እጁ ጠይቆ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ሰላሳ ስድስት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከስቶ ፊቱ አጥንት እንደወጣ ነገርኩት። እስከ ግጥሚያው እመለሳለሁ አለ።

የውድድሩ ኮሚቴ ሚዛን ከሰማንያ ኪሎ በላይ አያነብም። ስለዚህ ቀላሎቹ በአዳራሹ ይመዘናሉ፣ ከባድ ሚዛኖች ግን ወደ እኔ ሱቅ መጥተው በእህል ሚዛን ይመዘናሉ። ይህ ለዓመታት የቆየ ልማድ ነው። የአንደኛው ቦክሰኛ ሚስት መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ቅር ያለው ግን አልነበረም፤ ያው ባሏን እንኳ አትምርም ነው።

ቅዳሜ የካቲት 16 ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሳይከፈት ሟችን ይዤው ገባሁና በቁምጣ መዘንኩት። ዐቢይ ጾም ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። የንስሐ አባቱ ታመሃልና ብላ ብለውት እሱ ግን በቡጢ ምክንያት ጾም አልሽርም ብሎ እየጾመ ነበር። ብረቱን ገፋሁት፣ መለስኩት፣ እንደገና ገፋሁት። ሰባ ስድስት ተኩል ነው። ነገርኩት። ከሚዛኑ አልወረደም። "አንድ ቀን ብቻ ዋሺልኝ" አለ። አልችልም አልኩት። ስለ ቤቱ አላነሳም፣ ስለ ዱቄቱም አላነሳም። "ተጋጣሚ የተገኘ ዕለት እኔ ልጥፋ?" አለኝ።

እሑድ የካቲት 17 ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዬን ሱቁን ከፍቼ ገባሁ። የአምስት ኪሎውን መመዘኛ ብረት ከሚዛኑ ሰፊ ብረት ሥር፣ ጎንበስ ብሎ ካላዩት በማይታይበት ቦታ፣ በሽቦ ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ አሠርኩት። ከዚህ በኋላ በሚዛኑ ላይ የወጣ ማንኛውም ነገር ከክብደቱ አምስት ኪሎ ጨምሮ ያሳያል። ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሟች ዋሺልኝ አለ እንጂ እንዴት እንደምዋሽ አላወቀም።

1 ሰዓት ተኩል ላይ ኮሚቴው ከሁለቱ ቦክሰኞች ጋር መጣ። ከመመዘን በፊት ባዶ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ማየት ደንብ ነው። አንደኛው የኮሚቴ ሰው ለማየት ጠጋ ሲል የሟች አሠልጣኝ ሀብተሥላሴ መኳንንት "የወለተጻድቅን ሚዛን ነው የምትፈትሸው? አታሳፍረን እንጂ" አለው። ሰውየው አፍሮ ተመለሰ። ሀብተሥላሴ ይህን ያለው በቅንነት መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሟች ወጣ። ሰማንያ አንድ ተኩል ብዬ በቃሌ ጠራሁ፤ ተጻፈ። ቀጥሎ ጉታ ደሜ ወጣ፤ ዘጠና ዘጠኝ አለ። ልጁ ሳቀ። ባለፈው ሳምንት በሳንሱሲ ወፍጮ ቤት ተመዝኖ ዘጠና አራት እንደነበር ተናገረና "ጾም ተስማምቶኛል ማለት ነው" አለ። የወፍጮ ቤት ሚዛን አትመን አልኩት። የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ልክ ነበር። የሰው ሚዛን በሐሰት ማማቴ አምኜ ለመናገር ከሚከብዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ሐኪም ተብሎ የመጣው ሰው ምላስና ዓይናቸውን አይቶ ፈረመ። እኔም በሚዛን ሠራተኛነቴ ፈረምኩ።

ግጥሚያው የተደረገው በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጦር ኃይሎች አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዳኛው ወደ ማዶው ማዕዘን ሲያይ በዚያ ሰው ቆሞ ነበር። ሟች ዞር ብሎ ፈለገኝና አየኝ። ያንን ፊቱን አልረሳውም፤ ለምን እንደዋሸሁ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የማሳየው ያንን ፊት ነበር።

የመጀመሪያው ዙር የእሱ ነበር። ይህን በአዳራሹ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። በዕረፍቱ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ሌላ ጠየቀ። በሁለተኛው ዙር እግሩ ከዳው። ጉታ በቀኙ ከግራ ጆሮው ሥር መታው፤ ወደቀ። ዳኛው ሰባት ሲቆጥር ተነሳ። አሠልጣኙ ፎጣውን አንስቶ ነበር፤ ሟች በጓንቱ ተው ብሎ ምልክት ሰጠው። ባለፈው ቃሌ ያልተናገርኩትን አሁን እናገራለሁ፤ ጉታ ደሜ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ዳኛውን ያይ ነበር። ይቁም የሚል ይመስል እጁንም ዝቅ አድርጎ ነበር። ዳኛው ቀጥሉ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ነው የመታው። ሟች በጀርባው ወደቀ፣ ጭንቅላቱ የመድረኩን ወለል ሲመታ ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

በፋብሪካው ፒክአፕ ሆስፒታል አደረስነው፤ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። የቆየ በሽታ አለበት ወይ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲል ጠየቀኝ። የለበትም አልኩት። እርግጠኛ ነሽ አለኝ። አዎ አልኩት። ያን ያልኩት ስኳር አለበት ካልኩ ታዲያ እንዴት ሰማንያ አንድ ተኩል መዘነ ይባላል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ወረቀቱ በዚያ ሰዓት በጡት መያዣዬ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ አልጋ ላይ ተዘርግቶ እኔ ሚዛኔን እጠብቅ ነበር። ሰኞ የካቲት 18 ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አረፈ። አለበት ብል ኖሮ ይድን ነበር ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ ማንንም ሐኪም አልጠየቅሁም። መልሱን ለመስማት የሚሆን አቅም የለኝም።

አሠልጣኝ ሀብተሥላሴ በለቅሶው ላይ፣ ኩንታል በባዶ ቡጢ አይሞትም፣ በጓንቱ ውስጥ ነገር ነበር እያለ ያለቅስ ነበር። ኀዘኑ ነው ያናገረው። ፖሊስ ሰምቶ ልጁን ያዘው፤ እኔም የካቲት 20 ቀን ተጠርቼ መጣሁ። አይተሻል ወይ ተባልኩ። ሁሉም ጓንቱን ሲያይ ሚዛኑን የሚያይ እንደማይኖር ያኔውኑ ገባኝ። አይቻለሁ አልኩ። በኀዘን የተናገርኩት ነው ብል እናንተም ታምኑኛላችሁ። ኀዘን አልነበረም። አስቤበት ነው።

ያን ዕለት ከዚህ ወጥቼ እስከ ጥቂት ቀን በፊት ድረስ አንድ ነገር ፈጽሞ ረስቼ ኖርኩ። ብረቱን አልፈታሁትም ነበር። ሚዛኑ ሥር እንደታሠረ ቀርቷል። የመጋቢትን የቤተሰብ ጤፍ ያደለው እኔ ቤት ኀዘን ላይ ስለነበርኩ በቦታዬ የተተካው ብርሃኔ ነው። የሚያዝያን ግን ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ በገዛ እጄ አድያለሁ። ሃያ አምስት ኪሎ ለሚደርሰው ቤተሰብ ሁሉ ሃያ ኪሎ ሰጥቻለሁ። በሁለቱም ወር መጋዘን ውስጥ እህል ተርፎ ተገኘ። ብርሃኔ የመድኃኔዓለም በረከት ነው አለ። የመጋቢቱን ትርፍ ቀበሌው በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች ከነዋሪው የተዋጣ ብሎ ላከው፤ በስብሰባም ተመሰገንንበት። እኔም ከተመሰገኑት ጋር ተጠርቼ ተነሥቻለሁ።

ማክሰኞ ሚያዝያ 8 ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጎረቤቴ እማማ ሰርኬ ሱቅ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሦስት የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ወንበሬ አጠገብ ተቀመጡና "ልጄ፣ ኀዘኑ ይብቃሽ፤ ሚዛንሽን እይው" አሉኝ። ምን ሆነ አልኳቸው። በመጋቢት ጎደለ፣ በፋሲካም ጎደለ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቤት ወስዶ በቁና ያልሰፈረ የለም አሉኝ። ታዲያ ለምን አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም አልኳቸው። "በምን አንደበት? ባሏ ገና አርባው ሳይወጣ ሚዛንሽ ጎደለ ትባል? ወለተጻድቅ አውቃ አታጎድልም፣ ኀዘን ዓይኗን ጋርዶት ነው ብለን ቻልነው እንጂ" አሉ። በፋሲካ የልጅ ልጆቻቸውን ምን እንዳበሏቸው አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

እሳቸው እንደወጡ ሱቁን ዘግቼ ተንበረከክሁ፤ እጄን ከሚዛኑ ሥር ስሰድ ብረቱን ነካሁት። እንደታሠረ ነው። ብረቱን ሳየው የመጣብኝ ባለቤቴ አይደለም፣ እህሉም አይደለም። የመጣብኝ ልጁ ነው። ሚዛኑ ላይ ቆሞ ጾም ተስማምቶኛል እያለ ሲስቅ።

በማግስቱ ረቡዕ ሚያዝያ 9 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ምግብ ይዤ ወደ እስረኛ መጠየቂያው ሄድኩ። ጉታ ደሜን አስጠራሁት። የሟች ሚስት መሆኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ጀመረ፤ እንዲያቆም ለመንኩት። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ አብጧል፣ ጣቶቹም አይታጠፉም። በምን ምክንያት እንደሆነ ብጠይቀው ጠባቂውን አየ።

(ቃል ተቀባይ፦ ስለ እስረኛው እጅ የተነገረው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ለምስክሯ ተነግሯታል። ምስክሯ ካልተጻፈ አልፈርምም በማለቷ ተጽፏል።)

ሌላ ነገር ከመናገሬ በፊት እሱ ጠየቀኝ። "እትዬ፣ እኔ ዘጠና አራት ነኝ ወይስ ዘጠና ዘጠኝ?" አለ። ሁለት ወር ያህል ሲያስብበት እንደነበር ተናገረ። ዘጠና አራት ነህ አልኩት። የወፍጮ ቤቱ ልክ ነበር፣ የዋሸው የእኔ ነው አልኩት። ልጁ ትምህርት ብዙ የለውም፤ ስሌቱን ለመጨረስ ግን ብዙም አልቆየም። "እሳቸውስ?" አለ። ሰባ ስድስት ተኩል አልኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለ። በእጅህ ምንም እንዳልነበረ እመሰክራለሁ፣ ነገ ጣቢያ ሄጄ አስፈታሃለሁ ብዬ ነገርኩት። የሰማኝ አይመስለኝም። "እኩያዬ ናቸው ብዬ እኮ ነው በሙሉ ጉልበቴ የመታሁት" አለ። ያመጣሁትን ምግብ ጠባቂው አስገባለት፤ መብላቱን አላውቅም።

ልነጻ ብዬ ሄጄ ለልጁ ከበፊቱ የባሰ ነገር ሰጥቼው ተመለስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዎች በሐሰት የወነጀሉት ንጹሕ ሰው ነበር። አሁን የታመመና የከሳ ሰው መምታቱን ያውቃል፤ ያወቀውም ከእኔ ነው። እጁም ቢድን ወደ ቦክስ የሚመለስ አይመስለኝም። በዚህ ከተማ ከእንግዲህ ዳኛው ቢጣራ ከሁለቱም ማዕዘን አቤት የሚል ከባድ ሚዛን የለም።

ልጁ ዛሬውኑ እንዲፈታ ጠይቄያለሁ። የሚወስነው ሌላ ክፍል መሆኑ፣ ቃሌም እዚያ እስኪደርስ ጊዜ እንደሚወስድ ተነግሮኛል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። በሐሰት በመመስከሬና በሚዛኑ ላይ ባደረግሁት የሚመጣብኝን እቀበላለሁ፤ የሚከራከርልኝ ሰው አልፈልግም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የሚያዝያው ትርፍ እህል ገና ከመጋዘን ስላልወጣ ለባለቤቶቹ ይመለስ፤ እማማ ሰርኬም በመጀመሪያ ይጠሩ። ሁለተኛው ደግሞ በኤግዚቢትነት ያስረከብኩት ብረት ፊቴ ተመዝኖ ክብደቱ ይጻፍልኝ። ከእንግዲህ ስለ ክብደት የምናገረው በቃሌ ብቻ እንዲታመን አልፈልግም።

ይህ በስድስት ገጽ የተጻፈው ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ማንም አስገድዶኝ ወይም አባብሎኝ የተናገርኩት አይደለም። በዚህኛው ላይ የጨመርኩት የለም፣ ያጎደልኩትም የለም፤ ይህንንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወለተጻድቅ ጥሩሰው

ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ፈጠነ ገብረአምላክ፣ ፊርማ

ከምስክሯ የተረከብናቸው ኤግዚቢቶች፦
አንድ፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም. በሟች ስም የተጻፈ የሕክምና ወረቀት፣ የታጠፈና በላብ የወየበ።
ሁለት፣ የሚዛን መመዘኛ ብረት ከነሽቦው።

ማስታወሻ፦ ምስክሯ ብረቱ ተመዝኖ እንዲመዘገብ ጠይቃለች። በጣቢያው ሚዛን ስለሌለ አልተመዘነም። በምስክሯ ቃል መሠረት አምስት ኪሎ ተብሎ ተመዝግቧል።